የደካማ ፍጥረት አደራ

በአላህ ስም፥ እጅግ ርኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

ምስጋና ፍጥረታትን ሁሉ ለፈጠረ፥ ለእያንዳንዱም ሲሳዩን ለወሰነለት ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም ለዓለማት እዝነት ሆነው በተላኩት በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፤ የተከበርህ አንባቢ ሆይ፥ የዚህች ጽሑፍ ጉዳይ ትንሽ መስሎ እንዳይታይህ እለምንሃለሁ። ስለ ጥንቸልና በመዳፍ ላይ ስለሚያዙ ትናንሽ እንስሳት የሚናገር ሰው ጊዜውን በከንቱ የሚያጠፋ ይመስላል። ነገር ግን የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዲት ሴት በአንዲት ድመት ምክንያት እሳት እንደ ገባች፥ አንድ ሰውም ከጕድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ በማጠጣቱ ምሕረት እንዳገኘ ነግረውናል። ሁለቱንም ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋቸዋል። እንግዲህ ጀነትና ጀሀነም የተመዘነበት ነገር ትንሽ ሊባል አይችልም።

ይህንንም የጻፍሁት በዕውቀቴ ተመክቼ አይደለም፤ በስሕተቴ ተገሥጬ ነው። ስሕተቴንም አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

የነገሩ መነሻ

እኔ በሻም ምድር ተወልጄ፥ ቁርኣንን በልጅነቴ በቁርኣን ቤት፥ ፊቅህንና ሐዲስን በመድረሳ የተማርሁ፥ ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ የምገኝ፥ በእንግሊዝ አገር በአንዲት ከተማ ለሚኖሩ ሙስሊሞች በኢማምነት የማገለግል ሰው ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በመጸው ወራት፥ ከዐስር ሰላት በኋላ፥ አንድ ጐልማሳ ወደ እኔ ቀርቦ ተቀመጠ። ለዒድ በዓል ለሴት ልጁ አንዲት ነጭ ጥንቸል ገዝቶላት ነበር። ልጅቱ ለጥቂት ሳምንታት ከተጫወተችባት በኋላ ሰለቻት፤ የጥንቸሊቱ ቤት ሸተተ፤ የቤቱም አከራይ አጕረመረመ። ሰውየው ግን አላህን የሚፈራ ስለ ነበር የድመቲቱን ሐዲስ አስታውሶ፥ «ሸይኻችን ሆይ፥ ያቺ ሴት የተቀጣችው ስላላበላቻትም ስላልለቀቀቻትም ነው። እኔ ልጠብቃት አልቻልሁም፤ ብለቃት ከወንጀሉ እድናለሁን?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔም ሳልመረምር መለስሁለት። «አስርቦ ከማስራብ መልቀቅ ይሻላል፤ የአላህ ምድር ሰፊ ናት፤ ሣሩም ብዙ ነው» አልሁት። ሰውየው ልቡ ዐርፎ ሄደ፤ ጥንቸሊቱንም በከተማው መናፈሻ ውስጥ ለቀቃት።

በአራተኛው ቀን ከሱብሒ ሰላት በኋላ በዚያ መናፈሻ ስመለስ ከቁጥቋጦ ሥር አንድ ነጭ ነገር አየሁ። እርሷ ነበረች። አንገቷ ቆስሏል፤ ጠጕሯ በዝናብ ተጣብቆ አጥንቷ ይቈጠር ነበር። ሳነሣት አልሸሸችም። በካፖርቴ ጠቅልዬ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሟ ሴት በጥንቃቄ መረመረቻትና፥ «ሆዷ መሥራት አቁሟል፤ ከዚህም አስቀድሞ አውሬ ይዟት ነበር» አለችኝ። ቀጥላም፥ «ለመሆኑ ይህችን ፍጥረት በሜዳ ላይ የጣላት ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔም፥ «የጣላት ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፤ ፈቃድ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኋት። ጥንቸሊቱ ቀትር ሳይሆን ሞተች።

ስሕተቱ የት ላይ እንደ ነበረ

አንባቢ ሆይ፥ ልብ በል። የድመቲቱ ሐዲስ ሴትየዋን የሚወቅሳት በሁለት ነገር ነው፤ አስራ ስታስቀምጣት አለማብላቷና አለማጠጣቷ አንድ፥ የምድርን ተባይ ለቅማ እንድትበላ አለመልቀቋ ሁለት። እኔ ሁለተኛውን ይዤ፥ መልቀቅ ሁልጊዜ ያድናል ብዬ ፈረድሁ። ነገር ግን መልቀቅ ስለ ምን እንደሚያድን በዚያው ሐዲስ ውስጥ ተነግሯል፤ ይኸውም ድመት በተለቀቀች ጊዜ ራሷን መመገብ ስለምትችል ነው። ምክንያቱ ሲኖር ፍርዱ ይኖራል፤ ምክንያቱ ሲጠፋ ፍርዱም ይጠፋል። ይህን የኡሱልን ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ለሌሎች ሳስተምረው ኖሬ ነበር። ሐዲሱን ዐውቅ ነበር፤ እንስሳዪቱን ግን አላውቃትም ነበር። የሚፈርድበትን ነገር ሳያውቅ የሚፈርድ ሰው መጽሐፉን በቃሉ ቢይዝም እንኳ ከስሕተት አይድንም።

በቤት የተወለደች ጥንቸል የዱር ጥንቸል አይደለችም። ሰው ለትውልድ ትውልድ ያሳደጋት፥ ቀለሟንም የለወጠባት ናት። የዱር ጥንቸል የአፈር መልክ ስላላት ከጠላቷ ትሰወራለች፤ ነጭዋና ቡራቡሬዋ ግን ከሩቅ ትታያለች። የዱር ጥንቸሎች በጕድጓዳቸው በማኅበር የሚኖሩ፥ ድንበራቸውንም የሚጠብቁ ስለ ሆኑ እንግዳ ስትመጣባቸው ያባርሯታል። በእንግሊዝ ከተሞች ቀበሮ በየመንገዱ ይዞራል። ከዚህም ሁሉ በላይ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሚክሶማቶሲስ የሚባል ተላላፊ በሽታ በዚያ አገር ጥንቸሎች መካከል ይገኛል፤ ያልተከተበች ጥንቸል ከያዛት የመዳን ተስፋዋ እጅግ ጥቂት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ፍጥረት በሜዳ መተው ነፃነት መስጠት አይደለም። ቀስ ብሎ መግደል ነው፤ ልዩነቱ ገዳዩ ሞቷን ቆሞ አለማየቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሕግ የዑለማ ቃል

የፊቅህ ዑለማ በእጅህ ያለውን እንስሳ መመገብ ግዴታህ እንደ ሆነ በአንድ ድምፅ ተናግረዋል። ባለቤቱ እንቢ ቢል ምን ይደረጋል? በማሊኪ፥ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ ዳኛ ያስገድደዋል፤ ወይ ይመግበዋል፥ ወይ ይሸጠዋል፥ የሚበላም እንስሳ ከሆነ ሊያርደው ይችላል። በሐነፊ መዝሀብ የታወቀው አስተያየት ግዴታው በባለቤቱና በጌታው መካከል ነው የሚለው ነው፤ ከእነርሱ ወገን ግን ኢማም አቡ ዩሱፍ ይገደዳል ብለዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ራሱን መመገብ የማይችለውን በሜዳ ጥሎ መሄድን መፍትሔ ያደረገ የለም።

የዑለማ ሱልጣን ተብለው የተጠሩት፥ በደማስቆ ተወልደው በ660 ዓመተ ሂጅራ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1262 ዓ.ም.፥ በካይሮ የሞቱት ሸይኽ ዒዝ አድ-ዲን ኢብን ዐብድ አስ-ሰላም፥ ቀዋዒድ አል-አሕካም በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ እንስሳ በሰው ላይ ያለውን መብት አንድ በአንድ ቈጥረዋል። አንደኛው መብት፥ አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ እንዳይቋረጥበት ነው። ከዐቅሙ በላይ እንዳይጫንበት፥ ከወገኑም ሆነ ከሌላ ወገን ከሚያቈስለው ወይም ከሚሰብረው እንስሳ ጋራ በአንድነት እንዳይታጐር፥ ማደሪያውና ውሃ መጠጫው የተሻለ እንዲሆንለት፥ ግልገሉም በዐይኑ ፊት እንዳይታረድበት ጽፈዋል።

አሁን የምኖርበትን አገር ሕግ ስመረምር፥ በእንግሊዝና በዌልስ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ዐዋጅ በእንስሳ ባለቤት ላይ አምስት ግዴታ እንደ ጣለ አየሁ። እነርሱም ተስማሚ ማደሪያ፥ ተስማሚ ምግብ፥ እንደ ጠባዩ ለመኖር መቻል፥ እንደ ወገኑ ከሌላ ጋራ ወይም ለብቻው መኖር፥ ከሥቃይና ከበሽታ መጠበቅ ናቸው። ሁለቱን ዝርዝሮች ጐን ለጐን ባስቀመጥኋቸው ጊዜ ደስታም እፍረትም ተሰማኝ። ደስታው ሸይኻችን ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ስለ ጻፉት ነው፤ እፍረቱ ግን እኔ ያንን መጽሐፍ ከመደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬ፥ ያቺ ጥንቸል ከቁጥቋጦ ሥር ስለ ሞተች ነው። የአባቶቻችን መጽሐፍ የሚያኰራን ስንሠራበት ብቻ ነው።

ማወቅ የሚገባህ ነገር

እንግዲህ እንደ እኔ በድንቍርና እንዳትበድል ከሐኪሟና ከመጠለያው ሠራተኞች የተማርሁትን ልንገርህ።

ጥንቸል በደኅና ከተያዘች ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ትኖራለች። ለሰባት ዓመት ልጅህ ብታመጣላት፥ ልጅህ አድጎ ከቤትህ ሲወጣ እርሷ ገና በሕይወት ትኖር ይሆናል። ስለዚህ ለልጅ የተሰጠች ጥንቸል በእውነቱ ለአባትና ለእናት የተሰጠች ናት፤ አላህም የሚጠይቀው ትልቁን ሰው ነው።

ዋና ምግቧ ድርቆሽና ሣር ነው፤ ቀንና ሌሊት ከፊቷ ሊታጣ አይገባም። ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ ድርቆሽ በማኘክ ካልተሳሉ ረዝመው አፏን ያቈስሏታል። ሆዷም ሳያቋርጥ መሥራት አለበት፤ ግማሽ ቀን ሳትበላ ከዋለች እንደ ቀላል ነገር ሳትቈጥር በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዳት። ሰው ሁሉ የጥንቸል ምግብ ነው የሚለው ካሮት ስኳር ስለሚበዛበት አልፎ አልፎ በጥቂቱ የሚሰጥ ነው፤ ዳቦና ጣፋጭ ደግሞ ይጎዳታል።

ጥንቸል ሌሎች የሚያድኗት ፍጥረት ስለ ሆነች ሕመሟን ትሸሽጋለች። አትጮኽም፤ አታቃስትም። ዝም ብላ ጥግ ይዛ ብታያት ጨዋ ሆነች አትበል፤ ታማ ይሆናል። በአንድ አንሷር አትክልት ቦታ የነበረውን የግመል ታሪክ አስታውስ። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ባየ ጊዜ ዐይኑ እንባ አፈሰሰ፤ እርሳቸውም ከጆሮው ጀርባ አብሰው አረጋጉት፤ ባለቤቱንም አስጠርተው፥ እንደሚያስርበውና በሥራ እንደሚያደክመው ግመሉ እንዳመለከተ ነገሩት። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ለእኛ ወሕይ አይወርድልንም፤ ስለዚህ የማይናገረውን ፍጥረት አቤቱታ በዐይናችን ተመልክተን ልናነብ ይገባናል።

ስታነሣትም ጀርባዋንና የኋላ እግሮቿን ደግፈህ አንሣት፤ በጆሮዋ አታንጠልጥላት። ፈርታ በኃይል ስትራገጥ የራሷን አከርካሪ ልትሰብር ትችላለች። ብቻዋን አታስቀምጣት፤ ብቸኝነት ለእርሷ እስራት ነውና። በጠባብ ሣጥንም አትዝጋባት። በእንግሊዝ አገር ስለ ጥንቸሎች ደኅንነት የተቋቋመው ማኅበር ለሁለት ጥንቸሎች የሚመክረው መኖሪያ ርዝመቱ 3 ሜትር፥ ስፋቱ 2 ሜትር፥ ከፍታው 1 ሜትር የሆነ ነው። ይህን ያህል ስፍራ ከሌለህ አለመውሰድህ ራሱ እዝነት ነው።

ስለ ሌሎቹም ጥቂት ልበል። ጊኒ ፒግ የምትባለው ፍጥረት እንደ ሰው ቪታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት ስለማትችል በየቀኑ ትኵስ ቅጠል ካልተሰጣት ትታመማለች። ከጥንቸል ጋራ አብራ እንድትኖር ማድረግም አይገባም፤ ጥንቸል በእርግጫ ትጎዳታለችና፤ ይህም ሸይኽ ዒዝ አድ-ዲን ካስጠነቀቁት ነገር አንዱ ነው። በየአገሩ ሕፃናት የሚጫወቱበት ወርቃማው ሃምስተር ደግሞ የእኔ አገር ሰው ነው ብል አልዋሽም፤ በ1930 እ.ኤ.አ. በሐለብ አጠገብ ከእርሻ መሬት ተቈፍረው ከወጡ አንዲት እናትና ልጆቿ ዘር በዓለም ሁሉ ተበተነ። ይህ ግን ከጥንቸል በተቃራኒ ካደገ በኋላ ብቻውን መኖር የሚወድ፥ ሌሊት የሚነቃ ፍጥረት ነው። ከሌላ ጋራ ብታኖረው ይጣላል፤ ቀን ስትቀሰቅሰው ይነክስሃል። ለአንዱ እዝነት የሆነው ለሌላው በደል ነው። ቁርኣን እንስሳት እንደ እኛ ሕዝቦች መሆናቸውን የሚያስተምረን በከንቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ልማድ አለው።

መጠለያው ምንድን ነው?

ጥንቸሊቱ ከሞተች በኋላ ያን ጐልማሳ አስጠርቼ በፊቱ ስሕተቴን ተናዘዝሁ። አብረን አለቀስን። ከዚያም ሐኪሟ ወደ ነገረችን የእንስሳት መጠለያ ሄድን። በዚያ ሰዎች ገዝተው የሰለቿቸው፥ በካርቶን ተደርገው በሌሊት በደጅ የተጣሉ፥ ባለቤታቸው የሞተባቸው ጥንቸሎችና ጊኒ ፒጎች በረድፍ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ይጠብቃሉ። በእያንዳንዱ በር ላይ ስሙ፥ ዕድሜው፥ ጠባዩና በሽታው ተጽፏል። ጐልማሳው በረድፉ መካከል ዝም ብሎ ከሄደ በኋላ፥ «ሸይኻችን፥ ይህ ቦታ መኖሩን ባውቅ ኖሮ!» አለኝ። እኔም ለራሴ ያልሁት ይህንኑ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ለእንስሳት የሚከራከረው ታላቁ ማኅበር በለንደን በ1824 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። ይህ ሐሳብ ለሙስሊሞች እንግዳ አይደለም። ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ ስለ ሥልጣኔያችን በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ በደማስቆ ያለው አረንጓዴ መስክ አርጅተው ሥራ ላቆሙ እንስሳት ግጦሽ ወቅፍ ተደርጎ እንደ ነበር ተርከዋል። ኤድዋርድ ሌይን የተባለው እንግሊዛዊም ስለ ግብፃውያን ኑሮ በ1836 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሱልጣን አዝ-ዛሂር በይበርስ ለካይሮ ድመቶች መመገቢያ አንድ የአትክልት ስፍራ ወቅፍ አድርጎ እንደ ተወ ጽፏል። አባቶቻችን ለማይናገሩት ፍጥረታት መሬት ሲለዩ፥ እኛ ለእነርሱ አንድ ጥግ መንፈግ የለብንም።

ከመጠለያ እንስሳ ወስዶ ማሳደግን ሰዎች ማደጎ ብለው ይጠሩታል። ይህ ቃል አያስደንግጥህ። ሸሪዓ የከለከለው የሰውን ልጅ የዘር ሐረግ መለወጥን ነው እንጂ የቲምን ወስዶ ማሳደግን አይደለም፤ ያማ ታላቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። በእንስሳማ የዘር ሐረግ የሚለወጥበት ነገር የለም፤ የሚቀረው ኀላፊነቱ ብቻ ነው። ብዙዎቹ መጠለያዎች ከመስጠታቸው በፊት ቤትህ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ቀን ማን እንደሚኖር፥ ልጆችህ ስንት ዓመት እንደ ሆናቸው ይጠይቁሃል። በዚህ አትቈጣ፤ አደራ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩን መመርመሩ አግባብ ነው። የሚያስከፍሉህም ገንዘብ ለክትባት፥ ለሕክምናና ለቀለብ ላወጡት እንጂ ለትርፍ አይደለም። ማሳደግ ካልቻልህ ለእነርሱ እንድትመልስ የሚያስፈርሙህ ውል ካለ ፈርመህ አትርሳው፤ ቁርኣን ውሎችን እንድንሞላ ያዘዘን ውሉ ስለ ጥንቸል ሲሆን የሚቀር ትእዛዝ አይደለም።

ለጥያቄዎች መልስ

እንስሳን በቤት አኑሮ መደሰት ይፈቀዳልን? ትል ይሆናል። አቡ ዑመይር የተባለው ሕፃን ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ በሞተችበትም ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በፍቅር ቃል እየጠሩት ስለ ወፉ ይጠይቁት ነበር። ከዚህ ሐዲስ ዑለማ ሕፃን ወፍ ይዞ እንዲጫወት መፈቀዱን አውጥተዋል፤ በ335 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት የሻፊዒው ዓሊም ኢብን አል-ቃስ ስለዚህ አንድ ሐዲስ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። መፈቀዱ ግን ሥቃይ በሌለበት ጊዜ ነው።

የጥንቸል ሥጋ ሐላል አይደለምን? አዎን፥ ሐላል ነው። አነስ ኢብን ማሊክ ያሳደዳትን ጥንቸል አቡ ጠልሐ አርደው ጭኗን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልከው ተቀብለዋቸዋል። እኔ አላህ የፈቀደውን አልከለክልም። ነገር ግን የሚያርድም ቢሆን ቢላዋውን ስሎ፥ እንስሳውን እንዲያሳርፍ ታዟል። ለሚታረደው ይህን ያህል እዝነት ከታዘዘ፥ በቤትህ አብሮህ ለሚኖረው ምን ያህል ይታዘዝ ይሆን?

ስለ ሰላትስ? የሚበላ እንስሳ ሽንትና ኩስ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ንጹሕ ነው፤ በሻፊዒ መዝሀብ ነጃሳ ነው፤ በሐነፊ ዘንድ ሽንቱ ቀላል ነጃሳ ነው። ጥንቸል በአንድ ሣህን ላይ መጸዳዳትን ስለምትለምድ፥ ለሰላት የሚሆነውን ክፍል ለይቶ መጠበቅ ከባድ አይደለም፤ ከልዩነቱም ያድንሃል።

መጠለያዎቹ እንስሳቱን እንዳይወልዱ ያደርጓቸዋልና ይህስ? በዚህ ጉዳይ ዑለማ ተለያይተዋል፤ ጥቅም ሲኖርበትና ለጥፋት የማያደርስ ሲሆን የፈቀዱ አሉ። ሸይኽ ዒዝ አድ-ዲን ራሳቸው ወንዱንና ሴቷን በወቅቱ ማገናኘትን ከእንስሳ መብት ቈጥረውታል። ነገር ግን እርሳቸው የጻፉት ግልገሉ ባለቤትና ግጦሽ ስላለው መንጋ ነው። ጥንቸል በአንድ ወር ገደማ እርግዝና ትወልዳለች፤ ወዲያውም ልትፀንስ ትችላለች። መጠለያው የሞላው ባለቤት በሌላቸው ግልገሎች ነው። ሴት ጥንቸልም ሳትመክን ስታረጅ የማሕፀን ነቀርሳ ብዙ ጊዜ ያገኛታል። ስለዚህ ልቤ ወደ ፈቀዱት ያዘነብላል፤ አላህ ይበልጥ ዐዋቂ ነው።

ሰው እየተራበ ስለ ጥንቸል ማሰብ ይገባልን? ይህ ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ነው። ሰው ይቀድማል። ለልጆችህ፥ ለወላጆችህና ለዘካ የሚሆነውን የሚሻማ ከሆነ እንስሳ አትውሰድ። ነገር ግን እዝነት ስታወጣው የሚያልቅ ስንቅ አይደለም። ለደካማው እንስሳ ልቡን ያደነደነ ሰው ለየቲም ደርሶ ሲራራ እኔ አላየሁም፤ ለማይመልስለት ፍጥረት ሌሊት ተነሥቶ ውሃ የሚያቀርብ ልጅ ግን ነገ የሰውን ጩኸት ይሰማል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መደምደሚያ

ወንድሜ ሆይ፥ አንቺም እኅቴ፥ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። እንስሳን ለበዓል ስጦታ አትግዙ፤ በዓሉ በቀናት ያልፋል፥ እርሷ ግን ዓመታትን ትኖራለች። ቤታችሁም ልባችሁም ሰፊ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተማሩ፤ ከዚያም ወደ መጠለያ ሂዱና ማንም ያልፈለጋትን፥ ያረጀችውን ወይም አንድ ዐይኗ የጠፋውን ጠይቁ። በእጃችሁ ያለውን መጠበቅ ካቃታችሁ ደግሞ በሜዳ አትጣሉ፤ ለሚችል ሰው ወይም ለመጠለያ አስረክቡ። ያቃተው ሰው እርዳታ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ያ ጐልማሳና ልጁ ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ወደ መጠለያው እየሄዱ ድርቆሽ ሲያድሉ፥ ቤቶቹንም ሲያጸዱ ከረሙ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰፋ ያለ ቤት ሲያገኙ ልጅቱ ራሷ ሁለት ያረጁ ጥንቸሎች መረጠች። እኔም ሁለት ወስጃለሁ። ሌሊት ለተሀጁድ ስነሣ ድርቆሽ ሲያኝኩ እሰማቸዋለሁ፤ ድምፁም በተናገርኋት በአንዲት ቃል የሞተችውን ያቺን ነጭ ጥንቸል ያስታውሰኛል። ስለ እርሷ ጌታዬ እንደሚጠይቀኝ ዐውቃለሁ። አንተ ግን፥ አንባቢ ሆይ፥ ከእንግዲህ አላወቅሁም ልትል አትችልም።

ጌታችን ሆይ፥ በእጃችን ባኖርሃቸው ደካሞች ላይ ርኅሩኆች አድርገን። ባለማወቅ የበደልነውን ማረን፤ ካወቅን በኋላ ከመበደል ጠብቀን። እኛም በአንተ እጅ ያለን ደካሞች ነንና እዘንልን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ ላይ ይሁን። አሚን።